ጡንቻ መግፋት አያውቅም

ደሴ፣ ሰኞ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የገባ ቅቤ፦ ከለጋምቦ ስድስት ባልዲ፣ አራቱ ለጋ፣ ሁለቱ በሳል። ከከላላ ሦስት ባልዲ፣ ሁሉም ለጋ ነው ተብሎ የመጣ፤ አንዱን መለስኩት፣ ከሥሩ የተቀቀለ ድንች ገብቶበታል። ከጋሪው ላይ አምስቱን ተሸካሚ አወረደ፣ ሁለቱን በግራ እጄ አወረድኩ፣ አንዱን በቀኝ።

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ቅቤው ከሰላምታው ስለቀደመ አይቀየሙኝ። ውሎዬን በደብተር መጻፍ ከለመድኩ ወዲህ እጄ ወረቀት ባየ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሰፍረው ቀኑንና የገባውን ነው። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ አላስቸገረዎትም? እትዬ መዲና ከዚያ ሳል ተሻላቸው ወይ? ኢስራ ትምህርቷን፣ ሀፊዝ ሥራውን እንዴት ይዘዋል? የቢስቲማ ማሽላ ወፍ ሳይቀድመው ተሰብስቦ እንደሆነም ሰው ልኬ ልጠይቅ እያልኩ ቀረሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ጻፈች እንደሚሉ አውቃለሁ። እርስዎ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ነው የሚያነጋግሩኝ፤ እኔ አንድ ቃል ስተነፍስ ግቢው ሙሉ ይመልስልኛል። ባለፈው ስለ እጄ ልነግርዎ ስጀምር ጎረቤትዎ የሰናፍጭ ቅባት አዘዘልኝ። ስለዚህ ይህን ብቻዎን ያንብቡት።

ሾፌሩ ሂሻም መልእክትዎን አድርሶልኛል። ከረመዳን በፊት ሱቁን ሲጠይቀኝ ለኖረው ነጋዴ ለሚስባህ አስረክቤ፣ ዕቃዬን ጭኜ ቢስቲማ እንድገባ፣ ከቤትዎ ጓሮ ያለችው ክፍልም ተለስና እንደተዘጋጀች ነግሮኛል። እጅ የሌለው ነጋዴ ነጋዴ አይደለም ብለዋል አሉ። ልክ ነዎት። ቅቤ በአፍ አይሸጥም፤ ይዳሰሳል፣ ይነሳል፣ ይገለበጣል። እንግዲህ መልሴ ያለው ሱቁ ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነውና የእጄን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርዎት። ከዚያ ይፍረዱ።

አወዳደቄን ያውቁታል፤ ነሐሴ ላይ፣ ከሰኞ ገበያው በታች ባለው ደረጃ፣ በዝናብ። የማያውቁት ባልዲውን አለመልቀቄን ነው። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይይዛል፤ እኔ ባልዲውን አቅፌ በክርኔ አረፍኩ። ቅቤው አንድ ማንኪያ እንኳ አልፈሰሰም። ከጎኔ በርበሬ የምትሸጠው አስናቀች እያለቀሰች አነሳችኝና ወዲያው ደግሞ ስቃ፣ አንቺ ሴትዮ ጀናዛሽም ባልዲ ታቅፎ ነው የሚሄደው አለችኝ። ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳሁ። ከቀኝ ክርኔ ከፍ ብሎ ተሰብሯል ተባለ፤ ለስድስት ሳምንት ጄሶ ገባሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ በጠያቂ ሞላ። ወዳጃ ተደረገልኝ፣ ዱዓው እስከ ግቢው በር ተሰማ። ቅልጥም የሚያመጣው ሰው ብዛት፣ ከሉካንዳ ጋር የተዋዋልኩ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀነሰ። በሦስተኛው የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ሆነ። ሰውን አልወቅስም፤ ሁሉም ገበያ አለው። ግን አጥንት ለመግጠም የሚፈልገውን ጊዜ ያህል የሚቆይ ጠያቂ የለም። በአንድ እጅ ሽንኩርት መላጥ ይቻላል፣ ልብስ ማጠብም እንደምንም ይቻላል። ሻሽ ማሰር ግን አይቻልም። በጥርሴ ሞክሬ፣ ከበር እጀታ ጋር አስሬ ሞክሬ አቃተኝ። አንድ ጠዋት ሻሼን በእጄ ይዤ ከበሩ ኋላ ቆምኩ፤ በቀዳዳው እያየሁ ሴት እስክታልፍ ጠበቅሁ። ብዙ ወንድ አለፈ። በመጨረሻ የማላውቃት ውኃ የምትቀዳ ልጅ አሰረችልኝ። የዚያን ቀን ሱቅ የከፈትኩት ከረፈደ ነው።

ጄሶው ሲቆረጥ የወጣው ክንድ የኔ አልነበረም። ቀጥኗል፣ ቆዳው ተልጧል፣ ክርኔ ደግሞ እንደ ማጭድ ታጥፎ ቀርቷል፤ አይታጠፍም አይዘረጋም። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ የቀረው የጡንቻ ሥራ ነው ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። እዚያ ያገኘኋት ጽናት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ጴንጤ ናት፤ እጄን ይዛ ስታሠራኝ በአፍንጫዋ መዝሙር ታዜማለች። ጠያቂ መሆኔን ስታይ የማስረዳት ሱሷ ተነሳ። ሌላው በሽተኛ ዝም ብሎ ይታዘዛል፤ እኔ ግን ምን እንደምገዛ ሳላውቅ አልገዛም።

አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ቦታው ላይ ደም ይቋጥራል አለችኝ። ከዚያ በደሙ ቦታ እንደ ጆሮ የሚለመጥ ልም አጥንት ይበቅላል፤ ያ ደግሞ ቀስ በቀስ ጨው እየጠጣ ይጠነክራል። ስብራቱ ሲገጥም ከቀድሞው ወፍሮ ነው የሚገጥመው፤ ትርፉን ሰውነት ራሱ ወራት ወስዶ ይጠርበዋል። አጥንት ውስጥ የሚገነቡም የሚያፈርሱም ሠራተኞች አሉ፤ ሸክም የሚበዛበትን ያወፍራሉ፣ ሸክም ያጣውን ያሳሳሉ። እኔ አጥንት ማለት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ውሾች የሚጣሉበት። ለካ ደም ይገባበታል፣ ይራባል፣ መቅኔው ውስጥ ደም ይፈላበታል።

ጨውና ክር ነው አጥንት ማለት አለችኝ። ክሩ እንዳይሰበር ያደርገዋል፣ ጨዉ እንዳይታጠፍ። አላመንኳትም። የዶሮ ቅልጥም አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው ይዩት አለችኝ። ዘፈዘፍኩ፤ አቼቶውን እየለወጥኩ ሳምንት ሙሉ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥራ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ሳወጣው እንደ ጎማ ታጠፈ። ሌላውን አጥንት ከሰል ላይ ጣልኩት፤ ቅርጹን እንደያዘ ነጭ ሆኖ ወጣና ስነካው እንደ ኖራ ፈረሰ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ተመለከትኳቸው። እነሆ ልጅቱ እውነት ተናግራለች ብዬ የማሳየው ሰው ፈለግሁና በማግስቱ ለአስናቀች ወሰድኩላት። ቢስሚላህ በይ፣ ይሄ ጥንቆላ ነው ብላ ከበርበሬዋ አራቀችው።

ጡንቻውን ደግሞ በገመድ መሰለችልኝ። ገመድ ሲፈታ ቀጫጭን ገመድ ነው፣ ያም ሲፈታ ክር ነው፣ ክሩም ውስጡ ሌላ ክር አለው። የመጨረሻዎቹ ክሮች ትእዛዝ ሲደርሳቸው የሁለት እጅ ጣቶች እንደሚጠላለፉት አንዱ በሌላው መካከል ይንሸራተታል፤ ያኔ ጡንቻው ያጥርና አጥንቱን ይስባል። የሆድና የልብ ጡንቻ የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይሠራል። የክንድ ጡንቻ ግን ካልታዘዘ አይሠራም፣ ካልሠራ ደግሞ ይቀልጣል። ከዚያ አንድ ነገር አለችኝ፤ ማታ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም። ባልዲ ስገፋ እንኳ የሚገፋልኝ ከክንዴ ኋላ ሆኖ የሚስብ ሌላ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሠርተዋል፤ ከፊት ያለው ያጥፋል፣ ከኋላ ያለው ይዘረጋል፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ይላላለታል። ጥንዱን ያጣ ጡንቻ አጥንቱን አንዴ ካጠፈው እንዳጠፈ ይቀራል፤ የሚመልስለት የለም።

ጋሼ፣ ይህን ስሰማ ስለ ክንዴ ብቻ እንዳላሰብኩ እርስዎ አያጡትም። ባለቤቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። ልጅ አልተሰጠንም። በእነዚህ ዓመታት ከእጄ ጋር የተገናኘ እጅ ቢኖር ቅቤ ሲቀበለኝ የጣቱ ጫፍ የነካኝ ደንበኛ ነው። ለማማረር አይደለም የምጽፈው። የሚመጣውን ነገር እንዲረዱልኝ ነው።

ጽናት ያዘዘችኝን በቤቴ እሠራ ነበር፤ ውኃ የሞላ ላስቲክ ጠርሙስ ማንሳት፣ ግድግዳ ላይ በጣቴ መውጣት። ያማል፣ ለውጡም ቀርፋፋ ነው። ገበያው ሁሉ ወጌሻ አሳዪው አለኝ። በመጨረሻ ከጦሳ ተራራ ሥር ወደሚኖር ከሊድ ወደሚባል ሰው ሄድኩ። ሰኞና ሐሙስ ያሻል፤ ሌላውን ቀን ደሴ ዙሪያ ያለችውን መሬቱን ያርሳል። ወጌሻነት ከአባቱ የመጣ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች።

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፤ በሩ አንድም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። እናቱ እማማ ራሂማ መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነው እሱ የሚያየኝ። ሰውየው ራሱ የመጀመሪያውን ቀን፣ ወጌሻ የሰው ሴት እጅ የሚይዘው ችግር ስላለ ነው፣ ችግሩ ያለቀ ዕለት ፈቃዱም ያልቃል ብሎ ነው የጀመረው። ራጁን ሳላሳየው አልነካኝም። በር ላይ ወጥቶ ወደ ሰማይ አንስቶ አየው፤ ሐኪም የገጠመውን አልነካም፣ የደረቀውን ላለስልስ እንጂ አለ።

ቅቤውን የምወስደው ከራሴ ነው። እማማ ራሂማ ቀምሰው፣ ደሴ ውስጥ በገዛ ቅቤዋ የምትታሽ ሴት አንቺን ብቻ አየሁ፣ ሌላው በቅቤ የሚያብደው ወጥ ላይ ነው አሉኝ። ከሊድ አይስቅም፣ አያወራም። ቅቤውን መዳፉ ላይ ያሞቀዋል። ከሚያመኝ ቦታ አይጀምርም፤ ከትከሻዬ ጀምሮ ጅማቱን እየተከተለ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፊቴን ሳልለውጥ የት እንዳመመኝ ያውቃል። በሦስት ሳምንት ውስጥ እጄ አፌ ደረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሊድ በቃሽ አለኝ። ክርንሽ ተከፍቷል፣ ከእንግዲህ የልጅቱን ስፖርት ሥሪ አለ። እኔ ገና ያመኛል አልኩት። ማታ ማታ ይወጋኛል አልኩት። አይወጋኝም ነበር። ሰኞና ሐሙስ መሄዴን ቀጠልኩ። ለምን እንዳልኩት አሁንም ቁርጥ ያለ ቃል የለኝም። የሐሙስን ቀን ስለምወደው ነው ብል ለእርስዎ ይበቃዎታል።

እንዲህ እንዳለን ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ እጁን አቆመ። ከክርኔ በላይ ፊት ለፊት፣ ጡንቻው መካከል፣ አውራ ጣቱን አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። እዚህ ላይ እጄ የማያውቀው ነገር አለ አለኝ። ሽምብራ የሚያህል ደረቅ ነገር። ዛሬ አላሽሽም፣ ወደ ልጅቱ ሂጂና አሳያት አለ። እሺ አልኩት። ወጥቼም አልሄድኩም። ሥራ በዛብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ገበያው ቀዝቅዞ አስናቀች ስታንቀላፋ እያየሁ። ጽናት ምን እንደምትለኝ ገምቼ ነበር። መጥፎ ዋጋ ሊጠራብኝ ሲል ጆሮዬን የማዞር ሴት አይደለሁም፤ ያን ጊዜ ግን አዞርኩ። በሚቀጥለው ሰኞ፣ አሳየኋት፣ ምንም አይደል ብላለች ብዬ ከሊድን ዋሸሁት። አላመነኝም መሰለኝ፤ እየተጠነቀቀ ትከሻዬን ብቻ አሸልኝ።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ሻሼን ላስር እጄን ሳነሳ ክርኔ መንገድ ላይ ቆመ። ድንጋይ እንደገጨ በር ነው የቆመው። ያን ዕለት ሐኪም ቤት ሄድኩ።

ጽናት ቦታውን ስትነካው መዝሙሯ ተቋረጠ። ማን ነው የሚያሽዎት አለችኝ፤ በሳምንት ስንት ቀን፤ ከመቼ ጀምሮ። ነገርኳት። ለራጅ ላከችኝና ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። ከአጥንቱ ፊት፣ ሥጋ ብቻ መኖር ባለበት ቦታ፣ እንደ ጭስ የሳሳ ነጭ ነገር አለ። ከዚያ ይህን ተናገረች፤ ማዘር ማለቷን አልወደድኩትም እንጂ የተቀረው ቃል በቃል ትዝ ይለኛል።

«ማዘር፣ ጡንቻዎ አጥንት እየሆነ ነው። የተጎዳ ሥጋ ሲደጋገም ሲታሽ፣ ሰውነት አሁንም የሚጠገን ስብራት ያለ ይመስለውና እዚያው ጨውና ክር ያወርዳል። ካልተዉት ክርንዎን ይቆልፈዋል።»

የሠራተኞቹ ስህተት መሆኑ ነው። አጥንት አያስፈልግም በተባለበት ቦታ አጥንት እየገነቡ ነው፤ ምክንያቱም ያለማቋረጥ የጠራቸው ሰው አለ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ልጅቱ ወጌሻውን መስደብ ስትጀምር፣ እሱ አቁሚ ብሎኝ ነበር አልኳት። ታዲያ ለምን አላቆሙም አለችኝ። እጅጌዬን ወደ ታች መለስኩ። አየችኝና ፊልሙን ከመብራቱ ላይ አወረደችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መታሸት የለም፣ በግድ መሳብ የለም፣ በራስዎ ኃይል ብቻ እስከማያምዎት ድረስ ያንቀሳቅሱ፣ ከወር በኋላ እናየዋለን፤ ካላደገ ይረጋል፣ ካደገ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም አለችኝ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ሚዛኑ ላይ የነበረው ይህ ነው። ክርኔ ቢቆለፍ ኖሮ ሱቁ የሚስባህ፣ እኔ የቢስቲማዋ ጓሮ ክፍል ነበርኩ። አክብረው እንደሚይዙኝ አውቃለሁ። እትዬ መዲና ከእጃቸው እንደሚያጎርሱኝ አውቃለሁ። ግን ልጆችዎ አክስታችን እያሉ እየተነሱልኝ፣ እኔ ጥግ ይዤ የሰው ገበያ ወሬ እየሰማሁ መኖሩ ከስብራቱ ይልቅ አስፈርቶኝ ነበር።

ሐሙስ ደርሶ ከሊድ ቤት ሄድኩ። ቅቤ አልያዝኩም። እማማ ራሂማ ባዶ እጄን አይተው፣ ዛሬ ቅቤ ተወዷል መሰለኝ አሉ። ልጅቱ ያለችውን ነገርኩት። ራጁን ተቀብሎ በር ላይ ወጣና ወደ ሰማይ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው። ተመልሶ ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው የለቀቀሽ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ በቃሽ ካልከኝ ቀን በፊት አልኩት። አልተቆጣኝም። የተቆጣኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቁጭ አለና ያልተቀባ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ጣት በጣት። ከዚያ እኔን ሳያይ፣

«ከእንግዲህ እጅሽን የምይዝበት ምክንያት የለኝም» አለ።

እኔም የለም አልኩ። ተነስቼ ነጠላዬን ሳስተካክል እማማ ራሂማ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ልጄ እጅ ሰጥቶት አፍ የነሳው ነው። አንቺ የኔ ሸጋ፣ ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ? ማን አለሽ?» አሉኝ።

ስንት ጊዜ ቤታቸው ስመላለስ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ነው። አባቴን ነገርኳቸው። አባትሽን አውቃቸዋለሁ አላሉም፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ታላቅ ወንድም ቢስቲማ አለኝ አልኳቸው። ስምዎን ጠየቁኝ። ቤትዎ ከመስጊዱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ከቤት የማይጠፉት በየትኛው ቀን እንደሆነም ጠየቁኝ። ከሊድ እስካሁን በዚያ ጨርቅ ጣቱን እየጠረገ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከቤት አይጠፉም አልኩ። ኮስተር ብለው፣ መንገዱ ሩቅ ነው እንዴ አሉ። በሚኒባስ ቅርብ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ወሩን ሙሉ ሰኞም ሐሙስም ከቤቴና ከሱቄ አልወጣሁም። ብቸኛ ነበር የምልዎት ወር ቢኖር ይህ ነው፤ ከጄሶው ወርም ይብሳል። ያኔ ምን እንደጎደለኝ አላውቅም ነበር። ጠርሙሴን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ጡንቻ ማዘዝ እንዲህ አሰልቺ ነው ብዬ አላስብም ነበር፤ ዛሬ ያዘዙትን ነገ እንዳዲስ ማዘዝ ነው፣ ዱቤ የለም።

ታዲያ ከሊድ ሰኞ ሰኞ ገበያ ይመጣ ጀመር። ከእኔ ቅቤ ይገዛል። ጋሼ፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች አሉት። አስናቀች ይህን ከየት እንደሰማች አላውቅም፤ ባለፈው ሰኞ ቅቤውን ይዞ ዞር እንዳለ፣ የዚህ ሰውዬ ላሞች ምን ይላሉ፣ አኩርፈው ወተት ያቆማሉ እኮ አለች፤ እየሰማ። ጆሮው ሲቀላ ከኋላው አየሁ። እኔን እጅሽ እንዴት ነው ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ሲጠይቅም የሚያየው ክርኔን ነው። ደህና ነው እለዋለሁ። ቅቤውንም እንደማንኛውም ሰው መዝኜ እሰጠዋለሁ፤ አልቀንስም፣ አልጨምርም፣ እሱም አይጠይቅም።

ያለፈው ሐሙስ ለሁለተኛው ራጅ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጽናት ከሥራ በኋላ እዚያ የምትሠራበት ክሊኒክ አለ፤ ፊልሙን እሷው እንድታየው ብዬ ነው። ከደሴ ብርድ ወጥቼ ጠመዝማዛውን ስወርድ፣ ሙቀቱ መስኮቱ ላይ ሲመታኝ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን በዚያው ቀን ለእርስዎ መልስ እንደምጽፍ ወሰንኩ። ሳልጽፍ ቀረሁ፤ ዛሬ ሆነ። ነጭ ነገሩ አለ። ግን አላደገም። ጠርዙ ረግቷል፣ እንደ ጭስ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጠጠር ተሰብስቧል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው አለችኝ። ከእኔ ጋር ይኖራል። ክንዴ ወደ አፌም ወደ ጭንቅላቴም ይደርሳል፣ ሻሼን በሁለት እጄ አስራለሁ። ሙሉ በሙሉ ግን አይዘረጋም፤ ትንሽ እንደጎበጠ ይቀራል። ለቅቤ ሥራ የተዘረጋ ክንድ አያስፈልግም፣ ባልዲ የሚነሳው በታጠፈ ነው አልኳት። ሳቀችና ከወንበሯ ተነስታ ሳመችኝ። አሁንም ማዘር አለችኝ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሱቁን ለሚስባህ አልሰጥም። ቅር እንዳይለው በእኔ ስም ይንገሩት፤ ሰውየው ጨዋ ነው። ያስለሰኗትን ክፍል ለኢስራ ይስጧት፣ ለጥናት ትሁናት። ቢስቲማ ለመኖር አልመጣም። ይህን ስል ወንድምነትዎን ገፋሁ ብለው አያስቡብኝ። አባታችን ካረፉ ጀምሮ በላዬ ላይ ያለ ጥላ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ሳይሰሙት የሚሆን ነገር በእኔ ላይ አይሆንም፣ ሊሆንም አልፈልግም።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ከዚህ ዓርብ ጀምሮ ከጁምዓ በኋላ ከቤት አይራቁ። ምናልባት ከደሴ በኩል ሁለት ሦስት ሽማግሌ ሊመጣብዎ ይችላል። ምን ፈልገው እንደመጡ እነሱ ይነግሩዎታል፤ እኔ ብናገር አያምርም። የሚቀመጡበት ይዘጋጅላቸው። ከመካከላቸው እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ምንም የማይናገር ሰው ካለ፣ ዝምታውን ንቀት አድርገው አይዩበት፤ ጉልበትዎንም ቢያሳዩት ይወድዳል። እርስዎ ጎበዝ ተከራካሪ መሆንዎን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ይህን ጉዳይ ግን ብዙ አይከራከሩበት።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ቤትዎን ከክፉ ዓይን ይጠብቀው፣ ማሽላዎን በረካ ያድርግበት፣ ልጆችዎን ለወግ ያብቃልዎት። እትዬ መዲናን በሁለት እጄ አቅፌ እንደሳምኳቸው ይንገሩልኝ። ለእኔም በዱዓዎ አይርሱኝ።

ታናሽ እህትዎ

ለነገ፦ ይህን ወረቀት ጠዋት ለሂሻም መስጠት። የተመለሰውን የከላላ ባልዲ ማስጫን። ከዚያ ፒያሳ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄጄ የቤቴን በር ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ።